የዳኛው ሳጥን

«ይሄስ ይፈቀዳል?»

ዳኛው የወረቀት ፕላስተሩን ጥቅል በሁለት ጣቶቹ ቆንጥጦ፣ እጅ ከፍንጅ እንደ ተያዘ ሌባ አየር ላይ አንጠልጥሎታል።

«ይፈቀዳል» አለች እህቱ፣ ወለሉ ላይ ከተነጠፈው ንጹሕ አንሶላ ቀና ሳትል። «ማጣበቂያው ጎማ የለበትም። የጤና ጣቢያዋ ሲስተር ራሷ ናት መርጣ የሰጠችኝ።»

«በምን ዐወቀች?»

«ማሸጊያው ላይ ምልክቱ አለ። ጎማ የሚለው የተሰረዘበትን እየው።»

ዳኛው ጥቅሉን ወደ መስኮቱ አስጠግቶ ምልክቱን መረመረ፤ ገልብጦም ጀርባውን አየ። ከዚያ በእጁ መዳፍ ወለሉን መታ። «ተፈቅዷል! ቀጣዩ ይግባ!»

ዳኛው ስሙ አይደለም። በስሙ የሚጠሩት መምህርቱና የጤና ጣቢያው ካርድ ብቻ ናቸው። አፉን ከፈታ ጀምሮ አንድን ነገር ከመንካቱ በፊት መጠየቅ ግዴታው ስለ ነበር፣ ጥያቄውም ቀስ በቀስ ወደ ብይን ስለ ተለወጠ፣ ቅጽል ስሙን ያወጣለት አባቱ ነው። ፊኛ አይፈቀድም። ላጲስ አይፈቀድም። ወገቡ ላስቲክ የሆነ ሱሪ አይፈቀድም፤ እናቱ የሱሪዎቹን ሁሉ ላስቲክ አውጥታ ክር አስገብታባቸዋለች። ሙዝ እንኳ፣ ከጎማ ዛፍ ጋር ዝምድና ያለው ይመስል፣ አፉን ስለሚያሳክከው ከቤት ከወጣ ቆይቷል። ሐኪሞቹ ላቴክስ ይሉታል፤ ከጎማ ዛፍ ወተት የሚሠራው ነገር ሁሉ ለዚህ ልጅ ጠላት ነው። ሲነካው ቆዳው ይቆጣል፤ ሲብስም ትንፋሹ ይጠባል። እህቱ ያንን ትንፋሽ አንድ ጊዜ ሰምታዋለች። ጎረቤት ቤት ለልደት የተነፋ ፊኛ አፉ ላይ የፈነዳ ዕለት፣ ከሕፃኑ ደረት ይወጣ የነበረው ቀጭን ፉጨት እስከ ዛሬ ከጆሮዋ አልጠፋም።

ሰኞ የዳኛው ክፍል የዓሣ ማርቢያ ሊጎበኝ ይሄዳል። እስከ ዛሬ እንዲህ ያለ ጉዞ ሲኖር፣ ወይ እናታቸው ወይ እህቱ አብራው ካልሄደች ዳኛው ቤት ይቀር ነበር። አሁን ግን መምህርቱ፣ የመጀመሪያ ርዳታ ዕቃው ከተዘጋጀና አጠቃቀሙን የሚያስረዳት ሰው ከተገኘ፣ ብቻውን ልትወስደው ተስማምታለች። አስረጂዋ፣ እንደ ሁልጊዜው፣ እህቱ ናት። ከመዋዕለ ሕፃናት ጀምሮ ለእያንዳንዱ አዲስ መምህር ያስረዳችው እሷ ናት። እናታቸው ዳቦ ቤት የምትገባው ገና ሳይነጋ ነው፤ አባታቸው ደግሞ ከትምህርት ቤቱ በር አያልፍም። «ልብሴንም እጄንም አላምናቸውም» ይላል።

አባታቸው ጎሚስታ ነው። የመኪና ጎማ ይፈታል፣ ይለጥፋል፣ ይሞርዳል። እንጀራቸው የሚጋገረው፣ ልጁን ሊገድል ከሚችለው ነገር ላይ ነው ማለት ይቻላል። ሥራውን እንዳይተው እጁ ሌላ ሙያ አልለመደም። ስለዚህ ማንም ሳያዝዘው ለራሱ ሕግ አወጣ፦ ከሥራ ሲመለስ በጓሮ በር ይገባል፤ የሥራ ልብሱን ክዳን ባለው በርሜል ውስጥ ይጥላል፤ ክርኑ እስኪቀላ በሳሙና ይታጠባል። ከዚያ በፊት ማንንም አይነካም። ዳኛው ሕፃን ሳለ «አባዬ!» እያለ ሲሮጥበት፣ ሰውየው ሁለት እጁን ወደ ላይ አንሥቶ ወደ ኋላ ይሸሽ ነበር። ለማያውቅ ሰው፣ አባት በልጁ የተማረከ ይመስላል።

የጓሮው በር ተንኳኳ።

«ማንም እንዳይወጣ!» አለ የአባታቸው ድምፅ። «አንድ ነገር ይዤ መጥቻለሁ። ልታጠብ!»

ወንድምና እህት ተያዩ። ገና ከሰዓት በኋላ ነው፤ ቅዳሜ ደግሞ የጎሚስታው ገበያ የሚደራበት ቀን ነው። ውሃው ለረጅም ጊዜ ሲፈስ ተሰማ። በመጨረሻ አባታቸው ንጹሕ ሸሚዝ ለብሶ፣ ጸጉሩ ውሃ እያንጠባጠበ ገባ፤ በእጁ ነጭ ሳጥን ይዟል።

ቆርቆሮ ነው። ጠርዞቹ ጣት እንዳይቆርጡ ወደ ውስጥ ታጥፈው በመዶሻ ተለዝበዋል። እጀታው ከእንጨት ነው። ውስጡ በአሮጌ ብርድ ልብስ ቁራጭ ተለብጧል፤ ዙሪያውን በምስማር በተበሱ ጥቃቅን ቀዳዳዎች በወፍራም ክር ተሰፍቷል። ክዳኑ ላይ በሰማያዊ ቀለም ሚዛን ተሥሎበታል።

«ማስቲሽ አልነካውም» አለ አባትየው፣ ገና ሳይጠየቅ። «ማስቲሽ ጎማ አለበት። በክር ነው የሰፋሁት። ክዳኑም ላይ ጎማ የለም፤ ቆርቆሮ በቆርቆሮ ነው የገጠምኩት። ጠብቆ ይዘጋል፣ እዩት።»

ዳኛው ሳጥኑን ከፈተ፤ ዘጋ፤ ደግሞ ከፈተ። እጁን እስከ ክርኑ አስገብቶ ለስላሳውን ጨርቅ ዳበሰ። ከዚያ ክዳኑን አተኩሮ ተመለከተ።

«አባዬ፣ ሚዛኑ አጋድሏል።»

«ወዳንተ ነው ያጋደለው» አለ አባትየው። «የሠራሁት እኔ፣ የማዳላውም እኔ። ምን ይሁንልህ?»

«አሪፍ ነው!» አለ ዳኛው፤ ሳጥኑንም ደረቱ ላይ አጥብቆ ያዘ። ስለ መፈቀዱ አልጠየቀም።

አባታቸው ደንበኛ ትቶ ስለ መጣ ወዲያው ተመልሶ ወጣ። ማታ ሌላ መታጠብ ይጠብቀዋል። እህትየው በመስኮት ስታየው፣ መንገዱን እያፏጨ ነበር የሚሄደው።

ዕቃውን ማስገባት ጀመረች። በመጀመሪያ ሰማያዊዎቹን ጓንቶች፣ ሲስተር «ነጩ ጓንት ጎማ ነው፤ ማንም ቢሰጥሽ አትቀበዪ» ያለቻትን። ከዚያ የአለርጂውን ሽሮፕና መለኪያ ማንኪያውን። ከዚያ ትንፋሹ ከጠበበ የሚወጋውን፣ ብዕር የሚመስለውን የአድሬናሊን መርፌ። በመጨረሻ የቁስል መሸፈኛ የጎዝ ጥቅሎቹን ጠርዝ ለጠርዝ ደረደረች። አንዱ ጥቅል ወረቀቱ ተቀዶ ስለ ነበር አወጣችው። የጎዙ ጫፍ ግራጫ ሆኗል።

እጄ ቆሽሾ ነው ብላ ሄዳ ታጠበች። በሌላ ንጹሕ ጎዝ የሳጥኑን ጨርቅ ደግማ ጠረገች። ጎዙ ገና ከመጀመሪያው ግራጫ ሆኖ ተመለሰ፤ አጥብቃ ስትጫነው ጠቆረ። ወደ አፍንጫዋ አስጠጋችው። ክዳን ያለው በርሜል ሲከፈት የሚወጣው ሽታ ነው፤ የተሞረደ ጎማ ሽታ።

ሁሉም ነገር ባንድ ጊዜ ታያት። አባቷ ጎማ ያልሆነውን ዕቃ ሁሉ ለቅሞ፣ ሳጥኑን የሠራው ጎማ በሚሞረድበት ክፍል ውስጥ ነው። ብርድ ልብሱ ከመሞረጃው በላይ ባለው መደርደሪያ ላይ ሳለ፣ አየሩ ያመጣለትን ጥቁር ብናኝ በዝምታ ሲጠጣ ከርሟል።

«ዳኛው» አለች። «እስቲ እጅህን አሳየኝ።»

«ለምን?»

«አሳየኝ አልኩ።»

ልጁ የቀኝ እጁን ዘረጋ። «ሌላኛውን» አለች። የሹራቡ እጅጌ እስከ ጣቶቹ ተጎትቶ ወርዷል። ራሷ ሰበሰበችው። ከእጁ አንጓ እስከ ክርኑ፣ የሳማ ቅጠል የለበለበው ይመስል፣ ቀያይ ሽፍታ ወጥቷል።

«መቼ ነው የጀመረህ?»

«አሁን። ትንሽ ነው የሚያሳክከኝ» አለ፤ ከዚያም አንገቱን ደፍቶ «ይፈቀዳል» አለ።

ይህ ልጅ ለማንም አዳልቶ አያውቅም፤ ለአያቱ ስጦታ እንኳ፣ በእንግዳ ፊት «አይፈቀድም» ብሎ ቤተሰቡን ያሳፈረ ፈራጅ ነው። አሁን ግን ቆዳው እየጮኸ፣ እጅጌውን ጎትቶ ጸጥ ብሏል።

እጁንና ክንዱን በሳሙና አጠበችው። ልብሱን ቀየረችለት፤ ሽሮፑን ለክታ ሰጠችው። ሳጥኑን በፌስታል ጠቅልላ ወደ ጓሮ አወጣችው። ከዚያ አጠገቡ ተቀምጣ፣ መርፌውን በእጇ ይዛ፣ አተነፋፈሱን አዳመጠች። ፉጨት የለም። ሽፍታው ቀስ በቀስ ሲደበዝዝ እያየች፣ የራሷ ትንፋሽ ተመለሰላት።

«እቴቴ» አለ ዳኛው። «ለአባዬ አትንገሪው። ማዪልኝ።»

«አልምልም።»

«እሺ፣ ሳትምዪ አትንገሪው።»

እናታቸው ከዳቦ ቤት ስትመለስ፣ ልጅቷ ጓሮ ወስዳ ሁሉንም ነገረቻት። እናትየው በመጀመሪያ ገብታ የልጁን ክንድ፣ ከንፈር፣ ደረቱንም ሳይቀር መረመረች። ከዚያ ተመልሳ፣ በፌስታል የተጠቀለለውን ሳጥን ለረጅም ጊዜ ተመለከተች።

«አትንገሪው» አለች በዝግታ። «ጨርቁን እኔ ቀድጄ በሌላ እቀይረዋለሁ። ነጭ ከሆነ ልዩነቱን አያውቀውም።»

«እማዬ...»

«ስሚኝ የኔ ልጅ። ሐኪሙ የዚህን ልጅ ሕመም የነገረን ዕለት አባትሽ ወደ ክፍሉ አልገባም። በር ላይ ቆሞ እጁን እያየ ዋለ። ያን ቀን እንደገና ማየት አልፈልግም።»

ራት ሲቀርብ አባታቸው ታጥቦ ገባ፤ ፊቱ የሠርግ ቤት ይመስላል። «ሳጥኑ ሞላ?» ሲል ጠየቀ።

«ነገ ይሞላል» አለች እናትየው፣ ዐይኗን ከሳህኑ ሳታነሣ።

«ወደድከው አይደል ዳኛው? ቀጥሎ ደግሞ ጋሪ ነው የምሠራልህ። እንጨቱን ዛሬ አገኘሁ፤ እዚያው ሱቅ አስቀምጬዋለሁ። መቀመጫውን በዚያው ብርድ ልብስ እለብጠዋለሁ።»

ዳኛው እህቱን ሰረቅ አድርጎ አየ። ከዚያ፣ ጠረጴዛው ሥር፣ የግራ እጅጌውን ቀስ አድርጎ ወደ ጣቶቹ ሳበው። ሽፍታው ከጠፋ ቆይቷል። የሚደብቀው ነገር አልነበረም፤ ለሚመጣው እየተለማመደ ነበር እንጂ።

እህትየው የጠቀለለችውን ጉርሻ መልሳ ሳህኑ ላይ አኖረችው።

እሑድ ረፋድ ላይ ወደ ጎሚስታው ሱቅ ሄደች። ደጃፉ ላይ አባቷ በቀለም ያሰመረው መስመር አለ፤ ከቤት የመጣ ሰው አያልፈውም። መስመሩ ላይ ቆመች። ከግድግዳው ሥር የጎማ መሞረጃው ማሽን፣ ከማሽኑ በላይ ረጅም የእንጨት መደርደሪያ ይታያል። አባቷ በውሃ ገንዳ ላይ ጎንበስ ብሎ፣ የተነፋ የውስጥ ጎማ ውሃ ውስጥ እየደፈቀ ያሽከረክራል። ድንገት ከአንድ ቦታ የአረፋ ክር ወደ ላይ ተመዘዘ።

«አገኘሁሽ» አለ ለቀዳዳዋ። ቀና ሲል ልጁን አያት። «የኔ ነርስ! ምነው በሰላም ነው? እንዳትገቢ!»

«አልገባም። አባዬ፣ አንድ ነገር ልነግርህ ነው። እስክጨርስ ዝም ብለህ ስማኝ።»

እጁን በጨርቅ እየጠረገ ቀረበ። ከቦርሳዋ ያወጣችውን ጎዝ ዘረጋችለት። ግማሹ ነጭ፣ ግማሹ ጥቁር ነው።

«የሳጥኑን ውስጥ ጠርጌበት ነው።»

አባትየው ጎዙን አየ። ቀጥሎ ዞሮ መሞረጃውን፣ ከዚያ ከበላዩ ያለውን መደርደሪያ አየ። ሄዶ ጣቱን በመደርደሪያው ላይ ሳበና ጫፉን ተመለከተ።

«ሸፍኜው ነበር እኮ» አለ ጀርባውን እንደ ሰጣት። «ማታ ማታ ስሄድ እሸፍነው ነበር።»

«በምን?»

«በዚህ...» ትከሻው ላይ የጣለውን የሥራ ጨርቅ አነሣና ዐረፍተ ነገሩን ሳይጨርስ ቀረ።

መኪና ጥሩንባውን እየነፋ አለፈ። አባትየው ተመልሶ መስመሩ ጋ ቆመ።

«ነካው?»

እዚህ ላይ ማቆም ይቻል ነበር። አልነካውም ብትለው፣ ሰውየው ይህን ቀን በግማሽ ሸክም ያልፈው ነበር።

«ነካው። ክንዱ ላይ ሽፍታ ወጣበት። ወዲያው አጠብኩት፤ ሽሮፕ ሰጠሁት። ትንፋሹ ደህና ነበር፤ አሁን ምንም የለበትም። ግን አባዬ፣ ደብቆኝ ነበር። እጅጌውን ጎትቶ።»

«ለምን?»

«አንተ እንዳታዝን።»

አባትየው አጠገቡ ከነበረው አሮጌ ጎማ ላይ ቁጭ አለ። ጥቋቁር እጆቹን ጉልበቶቹ ላይ ዘረጋቸውና፣ የሰው ዕቃ ይመስል፣ ገልብጦ አያቸው።

«ይኸው ነው» አለ። «የኔ እጅ የነካው ነገር...»

«እጅህ አይደለም!» አለች፤ ድምፅዋ ካሰበችው በላይ ከፍ አለ። «እጅህን ታጥበሃል። መደርደሪያው ነው። ቦታው ነው አባዬ። ሳጥኑ ጥሩ ነው፤ የተሠራበት ቦታ ነው ጥፋተኛው። ቤት ብትሠራው ኖሮ ምንም አይሆንም ነበር። ደግሞ ዝም ብልህ ጋሪ ልትሠራለት ነው፤ እሱ ደግሞ ይቀመጥበትና እጅጌውን ይጎትታል።»

የአባትየው ዐይን እርጥብ ቢሆንም፣ የከንፈሩ ጫፍ ትንሽ ሳቅ አለ።

«መደርደሪያው» አለ።

«አዎ፣ መደርደሪያው።»

ተነሣ። የውሃ ገንዳውን ገለበጠ፤ የሱቁን የቆርቆሮ በር ወደ ታች ሳበ። ጎማውን ሊወስድ የመጣው ሹፌር «ኧረ ጋሼ፣ የኔስ?» ቢለው፣ «ነገ ከሰዓት። ዛሬ ዘግተናል፤ ፍርድ ቤት ቀጠሮ አለኝ» አለው። ሹፌሩ አዘነለት።

ቤት ሲደርሱ እናትየው ልጇን ዐየት አደረገቻት፤ ነገሩ ገባት፤ ውሃ ጣደች። አባትየው ጓሮ ሆኖ ብርድ ልብሱን ከሳጥኑ ቀደደ፤ ቆርቆሮውን ፍቆ ፍቆ አጠበው፤ ደግሞ አጠበው። ከዚያ ራሱን አጠበ። ልጅቷ በአዲስ ጎዝ ሳጥኑን ጥግ ለጥግ ጠረገችው። ጎዙ ነጭ ሆኖ ወጣ። ነጭ መሆኑን ለሦስቱም አሳየች።

ዳኛው ክፍሉ ጥግ ላይ አኩርፎ ቆሟል። «ነገርሽው» አላት። «አሳበቅሽ።»

አባትየው ሳጥኑን ይዞ መጥቶ ወለሉ ላይ፣ ከልጁ አጠገብ ተቀመጠ። እናትየው፣ ለዳኛው ያጠረውን፣ በእሷ እጅ ብዙ ጊዜ የታጠበውን የፒጃማ ሱሪ አመጣች። አባትየው የሳጥኑን ውስጥ ሊለብጥበት መቀሱን አነሣ፤ ግን አልቆረጠም።

«ያዝልኝ» አለ። «ብቻዬን አልችልም፤ ይጨማደድብኛል።»

ዳኛው ትንሽ አቅማማ። ከዚያ ጠጋ ብሎ የጨርቁን ጫፍ ያዘ። የአባትና የልጅ እጅ በአንድ ጨርቅ ላይ ተገናኘ። ቤታቸው ውስጥ አባታቸው ሥራ ሲሠራ ማናቸውም አይተውት አያውቁም ነበር። መርፌውን እንዴት ባለ ትዕግሥት በየቀዳዳው እንደሚያሳልፍ፣ ክሩን በጥርሱ ሲበጥስ አፍንጫውን እንዴት እንደሚሸበሽብ፣ ዳኛው ዐይኑን ሳይነቅል ተከታተለ።

«ዳኛው» አለ አባትየው፣ ስፌቱን ሳያቋርጥ።

«አቤት።»

«ዳኛ ለአባቱ አያዳላም።»

ልጁ ጨርቁን አጥብቆ ያዘ። «አንተስ ሚዛኑን አዳልተህ የለ?»

«እኔ ሠዓሊ ነኝ፤ ይፈቀድልኛል። አንተ ግን ሲያሳክክህ አሳከከኝ በል። እኔ የማዝነው ስትነግረኝ አይደለም። ገባህ?»

ዳኛው ራሱን ነቀነቀ። የመጨረሻው ስፌት ሲያበቃ ሳጥኑን ተቀብሎ፣ አሸተተ፤ በጣቱ ጫፍ ብቻ ነካ፤ ጣቱን ወደ መስኮቱ ብርሃን አንሥቶ ጠበቀ። ሦስቱም አብረውት ጠበቁ።

«ተፈቅዷል» አለ በመጨረሻ። ወለሉን ግን አልመታም፤ የአባቱን ጉልበት ነው የመታው።

ሰኞ ጠዋት አባትየው ከቁም ሣጥን የወጣ፣ የሱቁን ደጃፍ አይቶ የማያውቅ ኮት ለብሷል። «እስከ በሩ ብቻ» አለ ለልጅቷ። «ውስጥ ገብተሽ አንቺ ታስረጃታለሽ።»

መንገዱን ሁሉ የምትናገረውን በልቧ ስትለማመድ ሄደች። ጓንቱ የትኛው ነው፤ ሽሮፑ ስንት ማንኪያ ነው፤ መርፌው ከጭን ውጫዊ ጎን ነው፤ ከመርፌው በኋላ ወደ ሐኪም ቤት መሮጥ ግዴታ ነው። ሌላ ሰው እንደ እሷ አሳምሮ ሊናገረው እንደማይችል እርግጠኛ ነበረች።

በሩ ላይ ደረሱ። መምህርቱ አውቶቡሱ አጠገብ ልጆችን እያሰለፈች ነው። ልጅቷ ቀና ስትል አባቷን አየችው። ከንፈሩ ያለ ድምፅ ይንቀሳቀሳል፤ ጓንት፣ ሽሮፕ፣ ጭን። እሱም መንገዱን ሁሉ ሲለማመድ ነበር የመጣው።

ሳጥኑን ሰጠችው።

«ምነው?» አለ።

«አንተ አስረዳት።»

«እኔ?» እጆቹን አያቸው። ጥፍሮቹ ሥር ያለው ጥቁር መስመር እንኳ ለቋል።

«አባዬ፣ ና እንጂ! አውቶቡሱ ሊሄድ ነው!» አለ ዳኛው፤ እጁንም ያዘው።

አባትየው የትምህርት ቤቱን በር አለፈ። ልጅቷ ከውጭ ቆማ ቀረች። ከሩቅ፣ አባቷ መምህርቷ ፊት ቆሞ፣ ባዶ እጁን መርፌ እንደ ያዘ ጨብጦ በራሱ ጭን ላይ ሲተክል፣ መምህርቷም ራሷን እየነቀነቀች ስትደግመው አየች። የረሳው ነገር ያለ መሰላትና ልትገባ አንድ እግሯን አነሣች።

ከዚያ መልሳ አሳረፈችው፤ ቦርሳዋንም አስተካክላ ወደ ራሷ ትምህርት ቤት የሚወስደውን መንገድ ያዘች።